በአንድ ምት የሚታወስ ሰው

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ልጽፍ ነው ስል የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። «የማንቼና የአርሴናል ወሬ አልቆ ነው?» ያለኝም አለ። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ የገባኝ ነገር ቢኖር ሰዎቹ የራስ ቁር አጥልቀው እንደሚጋጩ ብቻ ነው። ኳሱ እንኳ ክብ አይደለም። ጥቂት ሰከንድ ይጫወቱና ይቆማሉ፤ ቆመው ይመካከራሉ፤ ደግሞ ይጋጫሉ። ቢሆንም ይህ ጽሑፍ ስለ ጨዋታው አይደለም። በጨዋታው ውስጥ ስላለ አንድ ሥራና ያንን ሥራ ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለሠራ አንድ ሰው ነው። ሰውየው ቢሊ ከንዲፍ ይባላል።

ወደ እሱ ያደረሰኝ የትምህርት ጉዳይ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «የተሸነፈ ሰው ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ፤ ያሸነፈውንማ ሁሉም ይጽፈዋል» አሉን። ሰው ፍለጋ ስባዝን ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለአጎቴ ደወልኩ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው፤ ከባልቲሞርም ብዙ አይርቅም። ጉዳዬን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ለምን ስለዚያ መቺ አትጽፊም? የባልቲሞሩን?» አለኝ። ስሙን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ሜዳው ዳርና ዳር ላይ ሁለት ሁለት ቋሚ ምሰሶዎች አሉ። በሁለቱ መሐል ያለው ስፋት 5.64 ሜትር ነው፤ አግዳሚው ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። በረኛ የለም። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ፣ በምሰሶዎቹ መሐል ካለፈ ቡድኑ 3 ነጥብ ያገኛል። ይኸ «ፊልድ ጎል» ይባላል። ወሬው ሲሰማ ቀላል ነው። ሥራው ግን እንዲህ ነው፦ አንዱ ጎንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ሰባት ስምንት ያርድ ርቆ የተንበረከከው ሌላው ተቀብሎ ኳሱን በጫፉ መሬት ላይ ያቆመዋል፤ መቺው ተንደርድሮ ይመታል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ከፊት ለፊት ደግሞ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ይመጣሉ።

እኛን የሚያቀርበን አንድ ነገር አለ። ድሮ መቺዎቹ ቀጥ ብለው መጥተው በጫማቸው ጫፍ ነበር የሚመቱት። በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤተሰቡ ከሃንጋሪ የተሰደደ ፒት ጎጎላክ የሚባል ወጣት ለቡፋሎ ቡድን ሲጫወት፣ ልክ እንደኛ እግር ኳስ ተጫዋች ከጎን ዞሮ መጥቶ መታ። ሰው ገረመው። ዛሬ ሁሉም የሚመቱት እንደሱ ነው። እንግዲህ መቺው በዚያ ሁሉ ግጭት መሐል የእኛን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ስለ እንጀራው። ኤን.ኤፍ.ኤል. በሚባለው ሊግ 32 ቡድኖች አሉ። አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ይይዛል፤ ከነዚህ መሐል ፊልድ ጎል የሚመታው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ሁለተኛ መቺ የለም። ቁጠሩት፤ ለዚህ ሙያ በሊጉ ያለው ቦታ ሠላሳ ሁለት ነው። እሑድ የሳተ ሰው ሰኞ ሊሰናበት ይችላል። ማክሰኞ ተጫዋቾቹ ሲያርፉ ቡድኑ ሥራ የሌላቸውን መቺዎች ጠርቶ ባዶ ሜዳ ላይ ያስመታል። አንዱ ይፈርማል፤ የቀሩት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው። የቀን ሥራ ፈላጊ ጠዋት አደባባይ ዳር ቆሞ «አንተ፣ ና» እስኪባል ከሚጠብቀው በምን ይለያል? በክፍያው ይለያል፤ እሱን አልክድም። በመጠበቁ ግን አይለይም።

ከንዲፍ የተማረው አዮዋ ውስጥ በሚገኘው ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፉትቦል ስሙ የሚነሳ ትምህርት ቤት አይደለም። በ2002 ቡድኖቹ በየተራ ከኮሌጅ ተጫዋች ሲመርጡ የሱን ስም የጠራ አልነበረም። ዳላስ ካውቦይስ «ናና ሞክር» ብሎ ወሰደው፤ ሞክሮም ቀረ። በማግስቱ ዓመት፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003፣ ዳላስ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር በጃያንትስ ሜዳ ተጋጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ጃያንትስ 32 ለ 29 ይመራ ነበር። ከንዲፍ ከ52 ያርድ፣ ማለትም ከ47 ሜትር ተኩል ገደማ መትቶ ሰዓቱ ሲያልቅ አቻ አደረጋቸው። በተጨማሪው ሰዓት ደግሞ ከ25 ያርድ ጨረሰው፤ 35 ለ 32። በዚያ ምሽት ብቻውን 7 ፊልድ ጎል አገባ። እስከዚያ ድረስ በሊጉ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ከሰባት በላይ ያገባ አልነበረም። ሮብ ባይሮናስ ስምንት አግብቶ ያን ቁጥር ያለፈው በ2007 ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የጀግና ታሪክ ይሆን ነበር። በ2005 ግን ጭኑን ተጎዳና ዳላስ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ለመጻፍ ካርታ ያስፈልጋል። ታምፓ ቤይ፣ ግሪን ቤይ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ አትላንታ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ዲትሮይት፣ ክሊቭላንድ። አንዱ ጋ ለጥቂት ሳምንት፣ አንዱ ጋ ለልምምድ ብቻ፣ አንዱ ጋ ሌላው ሰው እስኪድን። ኳስ የሚመታ ሰው ሳይሆን የከባድ መኪና ረዳት ነው የሚመስለው።

ከነዚህ ከተሞች አንዷን ብቻ ላንሳ። በ2009 የክሊቭላንዱ ነባር መቺ ፊል ዳውሰን ተጎድቶ ከንዲፍ ተጠራ። ክሊቭላንድ ቡፋሎ ሄዶ 6 ለ 3 አሸነፈ። እንዲህ ያለ ውጤት በዚያ ጨዋታ አስቀያሚ ነው፤ ማንም አያወራለትም። ግን ስድስቱም ነጥብ የከንዲፍ ነው። የመጨረሻዋ ከ18 ያርድ የተመታች ናት። ዳውሰን ሲድን ከንዲፍ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» ተባለ።

ወዲያው በኖቬምበር ባልቲሞር ጠራው። ለምን ጠራው? ስቲቨን ሃውሽካ የሚባለው ወጣት መቺያቸው ስቶ ስለተሰናበተ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብዬ አሰብኩ። እስካሁን ከንዲፍን እንደተበደለ ሰው አድርጌ ነበር የማነበው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የዳውሰን ጉዳት የሱ እንጀራ ነበር፤ የሃውሽካ መሳትም የሱ እንጀራ ሆነ። ቦታው ሠላሳ ሁለት ብቻ ሲሆን አንዱ ካልተነሳ ሌላው አይቀመጥም። (ሃውሽካም ቢሆን ሜዳ ላይ አልቀረም፤ በኋላ ሲያትል ገብቶ በፌብሩዋሪ 2014 የሊጉን ዋንጫ አንስቷል።)

ባልቲሞር ለከንዲፍ ተስማማው። በ2010 ከ29 ሙከራ 26 አገባ። ጨዋታ ሲጀመር የሚመታቸውን ኳሶች ደግሞ 40 ጊዜ ባላጋራው ሊመልሳቸው በማይችልበት ርቀት አሳርፎ የሊጉን ክብረ ወሰን ተጋራ። የዓመቱ ምርጦች በሚጫወቱበት ጨዋታ ተመረጠ፤ የአምስት ዓመት ውልም ፈረመ። ሰባት ከተማ ሻንጣ ሲጎትት ለኖረ ሰው አምስት ዓመት አንድ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ይቻላል። መጋረጃ መስቀል ይቻላል።

በማግስቱ ዓመት እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ከ37 ሙከራ ያገባው 28ቱን ነው። ቢሆንም ቡድኑ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2012፣ ፎክስቦሮ፣ ማሳቹሴትስ። ባልቲሞር ከኒው ኢንግላንድ ጋር ነው፤ ያሸነፈ ሱፐር ቦውል ይገባል። ኒው ኢንግላንድ 23 ለ 20 ይመራል። ከባልቲሞር ሃያ ነጥብ ስድስቱ ከንዲፍ በዚያው ቀን በሁለት ፊልድ ጎል ያመጣው ነው። ሊያልቅ ከግማሽ ደቂቃ በታች ሲቀረው ሊ ኤቫንስ የሚባለው ተጫዋች ጎል ክልል ውስጥ ማሸነፊያውን ኳስ ያዘ፤ ሲይዘው ተመታበትና ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው የከንዲፍ ተራ ነው። ርቀቱ 32 ያርድ፣ ወደ 29 ሜትር ነው። ካገባው አቻ ይሆኑና ተጨማሪ ሰዓት ይጫወታሉ። በኋላ እንደተዘገበው የስታዲየሙ ሰሌዳ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ በትክክል አላሳየም ነበር፤ መቺው እየሮጠ ነው የገባው። ሰዓት ማስቆሚያ አንድ ዕድል በባልቲሞር እጅ ነበረ፤ አልተጠቀሙበትም። ኳሱ ተወረወረ፣ ቆመ፣ ተመታ። ከግራው ምሰሶ ውጭ አለፈ። አለቀ።

ምስሉን ኢንተርኔት ላይ ደጋግሜ አየሁት። አንድ ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው። ከጨዋታው በኋላ ከንዲፍ መልበሻ ክፍል ውስጥ አልተደበቀም፤ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ መለሰላቸው። ሰሌዳውን አላነሳም፣ አሠልጣኙንም አልወቀሰም። ማግባት የነበረብኝ ምት ነው አለ በአጭሩ።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው «አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ» አለኝ። «እዚህ ከጓደኞቼ ጋር ነበር የማየው። ሁሉም ሲሰድበው እኔ ዝም አልኩ።» ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው እስከዚያ ቀን በቅጡ ያልሰማሁትን ታሪክ ነገረኝ።

አጎቴ አሜሪካ እንደገባ የተቀጠረው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የሰው መኪና ይረከባል፣ ምድር ቤት አውርዶ ያቆማል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያወጣል። ዘጠኝ ዓመት ይህን ሠራ። አንድ የበረዶ ምሽት አንድ ጥቁር መኪና ሲያወጣ በሩን ከኮንክሪቱ ምሰሶ ጋር አነካካው። «ጭረቱ ከመዳፌ አይበልጥም» ነው የሚለው። በሳምንቱ መጨረሻ «ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ» ተባለ። የድርጅቱን ስም አጎቴ አይጠራውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት መኪና ታቆም ነበር?» አልኩት።

«ኧረ ማን ቆጥሮት! ሃምሳ በይው።»

ወረቀት አወጣሁ። በቀን ሃምሳ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ሃምሳ ሳምንት። በዘጠኝ ዓመት 112,500 መኪና። ግማሹን ተጋነነ ብለን ብንጥለው እንኳ ሃምሳ ስድስት ሺህ መኪና ያለ አንድ ጭረት። ቤታችን ውስጥ ግን ስለ አጎቴ ሥራ ሲወራ የሰማሁት ሁልጊዜ ስለ አንዲቷ መኪና ነው። እናቴ እስካሁን «ያቺ መኪና» ነው የምትላት፤ የምታውቃት ይመስል። ስለቀሩት መኪኖች ማንም አንስቶ አያውቅም። ደህና ገብተው ደህና ወጥተዋላ! ምን ይወራል?

ቁጥሩን ሳነብለት ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ግን እንዳታለቃቅሺልኝ። እኔም ያን ሥራ ያገኘሁት ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የደንበኛ ቁልፍ ጥሎ ስለተባረረ ነው። የሱን ወንበር ሞቅ እንዳለ ነው የተቀመጥኩበት። ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ፤ በአራተኛው ሌላ ፓርኪንግ ገባሁ። መቺውስ ምን ሆነ? እሱን ጻፊው።»

መቺው እንዲህ ሆነ። በኦገስት 2012 ባልቲሞር አሰናበተው። ቦታውን የሰጠው ጀስቲን ተከር ለሚባል፣ እንደሱ ማንም ሳይመርጠው ለመጣ ጀማሪ ነው። ባልቲሞር ተሳሳተ ልበል? አልችልም። ተከር በዚያ ቡድን 13 የውድድር ዘመን መታ፤ በ2021 ከ66 ያርድ አግብቶ በወቅቱ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። የሚያባርር ሁሉ ግፈኛ፣ የተባረረ ሁሉ ተበዳይ ነው ብዬ ብጽፍ መጽናኛ እንጂ ዘገባ አይሆንም።

ከንዲፍን በቀናት ውስጥ ዋሽንግተን ወሰደው፤ አሁንም ሌላ መቺ አስነስቶ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2012 ታምፓ ላይ በአንድ ጨዋታ ሦስት ሳተ። ሦስት! በሌላ ሙያ ቢሆን ሰው ራሱን አሞኛል ብሎ ይቀመጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ አራተኛው ተራ መጣ፤ ከ41 ያርድ። አገባው። 24 ለ 22 አሸነፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ አልፎ በኦክቶበር ተሰናበተ።

በ2013 መጀመሪያ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ለነባሩ መቺ መጠባበቂያ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ጠራው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2013 በሱፐር ቦውል የተገናኙት እነማን ነበሩ? ባልቲሞርና ሳን ፍራንሲስኮ። ባልቲሞር 34 ለ 31 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ተከር ሁለት ፊልድ ጎል አገባ። ሁለቱንም ቡድን የሚያውቀው ከንዲፍ ሜዳው ላይ አልነበረም። ይህን ልብ ወለድ ላይ ብጽፈው መምህራችን «በዛ» ብለው በቀይ ይሰርዙት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። የሳተ ምት ዜና ነው። ዜና አይደለም ብዬ አልከራከርም፤ ባልዘግበው እኔ ራሴ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ሮቤርቶ ባጂዮ በ1994 ፓሳዴና ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ሰማይ ሲሰድ ያልጻፈ ጋዜጣ አልነበረም፤ መጻፍም ነበረበት። ጥያቄው ከዜናው ቀጥሎ ስላለው ቀን ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1991 ስኮት ኖርውድ የሚባል የቡፋሎ መቺ በሱፐር ቦውል የመጨረሻ ሰከንዶች ከ47 ያርድ ሳተና ቡድኑ 20 ለ 19 ተሸነፈ። በማግስቱ ቡድኑ ወደ ከተማው ሲመለስ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ጠበቀው፤ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ እንዲናገር አስወጣው። እስከ ዛሬ ስለ ኖርውድ ሲወራ ግን ቶሎ የሚነሳው ወደ ቀኝ የሄደችው ኳስ ናት። ሕዝቡ ስሙን የጠራበት ሰዓት ከኋላ ነው የሚመጣው፤ ከመጣም።

ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ትክክል የተሠራ ሥራ ድምፅ የለውም። የመብራት ሠራተኛውን የምናስታውሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ነርሷን የምናስታውሳት መርፌዋ ሲያም ነው። አንባቢ ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ የራሱ ኑሮ አለበት። የኛ ሥራ ግን መቁጠር ነው። «ስቶ አሸነፋቸው» ብለን ስንጽፍ «በዚያው ቀን ሁለት አግብቶ ነበር» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ብዙ ቦታ አትፈጅም። እኔ ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው፤ ሰው ስለሠራው ስሕተት ስጽፍ ከስሕተቱ አጠገብ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ስሕተቱን ለመሸፈን አይደለም። ሙሉ ሰው ለመጻፍ ነው።

አጎቴ «መቺውስ ምን ሆነ?» ላለኝ ጥያቄ የመጨረሻ መልሴ ይኸ ነው። ከንዲፍ በ2013 እንደገና ክሊቭላንድ ገባ፤ ያው ስድስት ለሦስት ያሸነፈበት ቡድን። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2014 ከኒው ኦርሊንስ ጋር ሲጫወቱ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑ 24 ለ 23 እየተመራ ነበር። ሰውየው ገባ። ርቀቱ 29 ያርድ ነው፤ ከፎክስቦሮው በሦስት ያርድ ብቻ ያጠረ። ኳሱ ተወረወረ፣ ቆመ፣ ተመታ። በምሰሶዎቹ መሐል አለፈ። 26 ለ 24።

ዕድሜው 34 ነበር። በዚያው ሳምንት ደግሞ ወደ ልምምድ ሄደ።